ጋሽ ሙርጋ የያዙት አደራ

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በጠዋት ከደጃችን ቆሞ «የሚስማር ነጋዴው የጋሽ ሙርጋ ቀብር ዛሬ በስድስት ሰዓት፣ ቀራንዮ መድኃኔዓለም!» ብሎ ሲለፍፍ ሰፈሩ ሁሉ ደረቱን መታ። እኔ በርበሬ የምነፋበትን ወንፊት እንደያዝኩ ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ «ነፍስ ይማር» ማለት እንኳ አልመጣልኝም። የመጣልኝ አንድ ነገር ነው። ኩታዬስ?

ኩታው የአባቴ ነው። ለብሶት የወደቀበት፣ ደሙ የደረቀበት፣ እናቴ አንድ ቀን ውሃ ያላስነካችው ኩታ። በእኛ አገር፣ ጎጃም፣ በደመኛ ጥይት የወደቀ ሰው ኩታ ደሙ ሳይመለስ አይታጠብም። ሴቷ ትይዘዋለች። ወንዱ የዘነጋ ሲመስላት ታወጣና ጭኑ ላይ ትጥልለታለች፤ ሌላ ንግግር አያስፈልጋትም። እናቴ ልትሞት ስትል «እንዳታጥቢው» ነው ያለችኝ፤ ሌላ ኑዛዜ አልነበራትም። ይህን ኩታ ነው ጋሽ ሙርጋ ከእጄ የወሰዱብኝ። ሰርቀው ቢወስዱት ይሻለኝ ነበር፣ ጮሄ አስይዛቸው ነበር። እሳቸው ግን አደራ ብለው ነው የወሰዱት። አደራ የተባለ ነገር ላይ ደግሞ ምን ብለሽ ትጮሂያለሽ?

አባቴን የገደለውን ሰው «ሰውዬው» ነው የምለው። ስሙን አልጠራም። በዕድሜዬ ስሙን የጠራሁት ጋሽ ሙርጋ ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው፣ እሱንም ተገድጄ።

ነገሩ የተጀመረው በመሬት ልኬታ ነው። መንግሥት መሬቱ ይለካ፣ ግብሩም በልኩ ይከፈል ብሎ ገመድ ጣዮች ሲልክ አገራችን ለሁለት ተሰነጠቀ። አባቴ «የአባቶቼ ርስት በገመድ አይለካም» ካሉት ጋር ቆመ። ሰውዬው ከገዢው ጋር ቆመ። መሣሪያ ተሰጠው፣ ነጭ ለባሽ አስከትሎ የእምቢተኞቹን ቤት አቃጠለ፣ ባላምባራስም ተባለ። አባቴን በገዛ ማሳው ዳር ጣለው። ታናሽ ወንድሜ ታደገ ያን ጊዜ ሸፈተ፤ በረሃ ገብቶም ብዙ ሳይቆይ የሰውዬውን የበኩር ልጅ፣ ስመኘውን፣ ገደለው። እሰይ ብያለሁ! ዛሬም እሰይ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ከእኛም ከእነሱም እየወደቀ ልኬታው ተረሳ፣ ገዢውም ተሻረ። ደሙ ግን አልተሻረም።

አገር ሲጠበን እኛም እነሱም ወደ አዲስ አበባ ተሰደድን። ይህን የሚያክል ከተማ እያለ የእኛ ወገን ቀራንዮ ሰፈረ፣ የሰውዬው ወገን ኮልፌ፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ። እግዜር ሲያላግጥብን ነው! በአንድ ገበያ እንገበያያለን፣ በአንድ ደብር እናስቀድሳለን። እኔ በርበሬዬን ዘርግቼ ስቀመጥ የእሱ እህት ከፊት ለፊቴ ሽንኩርት ትዘረጋለች። ሂሳብ ስታሰላ እንኳ ዓይኗን ከእኔ አትነቅልም፣ እኔም ከእሷ አልነቅልም። የእኛ ጎረምሶች ወደ ማዞሪያው ብቻቸውን አይሄዱም፤ ሄደው የቀሩም ነበሩ። ከእነሱም ወደ እኛ መጥቶ የቀረ አለ።

ጋሽ ሙርጋ በሁለታችን መሃል ነበሩ። ሱቃቸው ከቀራንዮ ወደ ማዞሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሚስማር፣ ገመድ፣ ቆርቆሮና ላምባ ይሸጣሉ። ግድግዳቸው ላይ የጃንሆይ ፎቶ፣ ከስሩ የመድኃኔዓለም ሥዕል። ጉራጌ ናቸው፣ በልጅነታቸው መጥተው ኮልፌ ያረጁ። አጭር፣ ጠይም፣ ሲተኙ እንኳ ባርኔጣቸውን የሚያወልቁ የማይመስሉ ሰው። ያገለገለ ጣውላ ይገዙና ሚስማሩን ነቅለው፣ የተጣመመውን ድንጋይ ላይ አስተኝተው በትንሽ መዶሻ ያቀኑታል። ሰው ሲያወራቸው እጃቸው አያርፍም። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ውሸት የሰሙ ጊዜ ብቻ መዶሻው ቀጥ ይላል። ቀና ብለው አያዩም፣ «ዋሽተሃል» አይሉም። መዶሻው ዝም ሲል ግን ተናጋሪው ራሱ አፉን ይይዛል። ስንት ምላሰኛ እዚያች ሱቅ ውስጥ ላብ በላብ ሲሆን አይቻለሁ።

ቀሳውስት ሞክረው አልሆነላቸውም ነበር፤ አንዱ የእኛ ዘመድ፣ ሌላው የእነሱ። በዚህ መሃል ታደገ ከበረሃ መልእክት ላከ። ሳንባው ታሟል፣ ደም ይተፋል፣ ወታደሩም እግር በእግር ይከተለዋል። መንግሥት ደግሞ፣ ሁለቱ ወገኖች ከታረቁ በረሃ ላሉት ምሕረት አደርጋለሁ አለ። ካልታረቅን ወንድሜ ወይ በሳንባው ወይ በጥይት እዚያው ይቀራል። ለእናቴ የቀረ ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቻችን ጨነቃቸውና ጋሽ ሙርጋን ለመኑ። የሰውዬው ሽማግሌዎችም ለካ በዚያው ሰሞን ሄደው ለምነዋቸዋል።

መጀመሪያ እኔ ቤት መጡ። ኩታው በእኔ እጅ ነዋ። ሽማግሌ ሲባል ሦስት አራት ሆኖ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። እሳቸው ብቻቸውን፣ ባዶ እጃቸውን መጡ።

«ይቅር በዪ ልልሽ አልመጣሁም» አሉኝ ገና ከደጃፍ።

«ታዲያ ምን ሊሉኝ መጡ?»

«ልጠይቅሽ። አባትሽን ማን ገደለው?»

«አያውቁም? ያ ውሻ ነዋ!»

«ውሻ አይተኩስም። ማን ነው?»

«ያ የገዢ አሽከር!»

«የገዢ አሽከር ብዙ ነው። ስሙን ጥሪልኝ፣ እታለማሁ።»

«አልጠራም! አፌን አላረክስም!»

«እንግዲያው ነገ እመጣለሁ» አሉና ባርኔጣቸውን አስተካክለው ሄዱ።

መጡም። በማግስቱም መጡ፣ ከዚያም መጡ። አይቀመጡ፣ ውሃ አይጠጡ፣ ያችኑ ጥያቄ ጠይቀው ይሄዳሉ። ጎረቤት ሳቀብኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልለብስ ሱቃቸው ድረስ ሄጄ፣ ሚስማር ሊገዛ የቆመው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የሰውዬውን ስም ከነማዕረጉ ጮህኩላቸው። «ይኸው! ጠገቡ? አሁንስ ደጄን ይለቁልኛል?»

ጋሽ ሙርጋ ሚስማራቸውን ከድንጋዩ ላይ አነሱና «አዎ፣ አሁን ሰው ሆነ» አሉ። «ከውሻ ጋር እርቅ አላውቅም እኔ። ሰው ሲሆን ግን ይሞከራል።»

በንዴት ተቃጥዬ ተመለስኩ። በኋላ ስሰማ ሰውዬውንም እንዲሁ አድርገውታል። «እነዚያ ሽፍቶች» ሲል «ሽፍታ ብዙ ነው፣ ማን?» እያሉ፣ ልጁን የገደለበትን ታደገን በስሙ እስኪጠራ ድረስ ደጁን አልለቀቁም። ይህን ስሰማ ትንሽ ቀለል አለኝ። እሱም ይቃጠል!

ከዚያ ምሕረቱን ወደሚሰጠው የመንግሥት ቢሮ ተሄደ። ሴት ምን አገባት ያሉ ነበሩ፤ ጋሽ ሙርጋ ግን «ኩታው የማን ቤት ነው?» ብለው ጠየቁና አፋቸውን አስያዟቸው። እኛ በአንድ አግዳሚ፣ እነሱ በሌላው ተቀመጥን። ባለሥልጣኑ መነጽሩን እየጠረገ «ከበረሃ ለሚወርደው ሰው ዋስ ማን ነው?» አለ። ሽማግሌዎቻችን ከአፉ ቀምተው «እኛ፣ እኛ እንዋሰዋለን» አሉ።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ሙርጋ። «የገዛ ዘመዱማ መቼም አይገድለው። ዋሱ ደመኛው ይሁን። ታደገ አንድ ነገር ቢሆን ባላምባራስ ይጠየቁ። የባላምባራስ የቀረ ልጃቸው አንድ ነገር ቢሆን ታደገ ይጠየቅ።»

ባለሥልጣኑ ሳቀ። ከዚያ ማናችንም እንዳልሳቅን ሲያይ መነጽሩን አደረገና «ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው?» አለ። ጋሽ ሙርጋም «ሌላ የሚሆን ካለ ይንገሩኝና ሱቄን ልክፈት» አሉት።

ሰውዬው ተነሳ። ያን ጊዜ ገና ጠንካራ ነበር፣ ካፖርቱን በትከሻው ጣል አድርጎ። «ልጄን ለገደለ ሰው ዋስ ሁን ትሉኛላችሁ?» አለ። ካፖርቱን ከትከሻው አወረደና «እሆናለሁ» አለ። «የቀረኝን ልጅ መቅበር አልፈልግም። ግን ያ ኩታ እቤቷ ተቀምጦ አልፈርምም። ዛሬ ብፈርም ነገ ወንድሟ ጭን ላይ ብትጥለው የእኔ ፊርማ ምንድን ነው?»

«የአንተ ልጅ ኩታስ?» አልኩት ከተቀመጥኩበት። «አንተስ በሣጥን ቆልፈህ አልያዝከውም?»

ፊቱን ወደ ባለሥልጣኑ አዞረ። መያዙን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ጋሽ ሙርጋ መጡ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አሉ።

«እጠቢው አልልሽም። አቃጥይውም አልልሽም። አደራ ስጪኝ። በፈለግሽው ቀን መጥተሽ 'አደራዬን' ትያለሽ፣ አወርድልሻለሁ። ለምን ብዬም አልጠይቅሽ።»

«እሱስ?»

«እሱም የልጁን ይሰጠኛል።»

«ቢሞቱብኝስ?»

«ዘነበች ትሰጥሻለች።» እትዬ ዘነበች ሚስታቸው ናቸው።

«ቂሜን አታለው ሊያስጥሉኝ ነው፣ አይደል?»

«ቂምሽማ ያንቺ ነው። እኔ ማስቀመጫ ነኝ» አሉኝ።

ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልናገርም። እናቴ አንድ ቃል ነው የተናዘዘችኝ፤ ከቤትሽ አታውጪው ግን አላለችኝም። ታደገ ደግሞ ደም እየተፋ ነው። ከሙት አባቴና ከቁም ወንድሜ ምረጪ ተባልኩ፤ ይህን ያስመረጠኝን ሰው መቼም ይቅር አልለውም ብዬ ማልኩ።

ርክክቡ ሱቃቸው ውስጥ ሆነ። ጋሽ ሙርጋ «በአንድ በር አትገቡም» አሉ። እኔ በመንገዱ በር ገባሁ፣ ሰውዬው በጓሮው። እኔም እሱም ጠቅልለን ያመጣነውን ሰጠን። ጋሽ ሙርጋ በየራሱ የጨው ጆንያ ከተቱት፣ ቋጠሩት፣ ቆጡ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡት። የሰውዬውን ልጅ ጥቅልል ጋሽ ሙርጋ ሁለቴ ስበው ነው ከእጁ የተቀበሉት። አየሁት። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ፣ እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል።

ሽማግሌዎቹ «በሉ ተቃቀፉ፣ ተሳሳሙ» ማለት ሲጀምሩ ጋሽ ሙርጋ ተቆጡ። «መተቃቀፍ ያማረው ቤቱ ሄዶ ሚስቱን ይቀፍ! እነዚህ ሰዎች እንዳይገዳደሉ ነው የተስማሙት። ሌላ ነገር አትጫኑባቸው።» እኔ በዚያች ቀን ብቻ ነው ሰውዬውን የወደድኳቸው፤ ጋሽ ሙርጋን ማለቴ ነው፣ ሌላውን እንዳይመስላችሁ።

ታደገ ወረደ። ሸንኮራ አገዳ የሚያክል ቀጭን እጅና እግር ይዞ ወረደ። ታከመ፣ አገገመ፣ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆነ፣ አገባ። ጥሩ። ግን ሰውዬውን መንገድ ላይ ሲያገኘው ባርኔጣውን አንስቶ «እንዴት አደሩ ባላምባራስ» ይለዋል! በዓይኔ አየሁት። ያን ቀን በርበሬዬን ጥዬ በቀጥታ ወደ ሱቁ ነው የሄድኩት።

«አደራዬን!»

ጋሽ ሙርጋ መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ መሰላሉን አቁመው ጆንያውን አወረዱና ጭኔ ላይ አኖሩልኝ፤ በሩን ገርበብ አድርገውልኝ ወጡ። ፈታሁት። የዛገ ብረት የመሰለውን ደም፣ ጥይቱ የገባበትን ቀዳዳ በጣቴ ዳሰስኩ። ፊቴን ቀብሬበት «አባዬ» እያልኩ አለቀስኩ፣ ታደገን ረገምኩ፣ ሰውዬውን ረገምኩ፣ ጋሽ ሙርጋንም ረገምኩ። ሲወጣልኝ መልሼ ቋጠርኩት። እሳቸው ሲመለሱ «ይቆይ» አልኩ። እሳቸውም «ይቆይ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ባሰኘኝ ቁጥር እሄድ ጀመር። አባቴ በወደቀበት ቀን፣ በየሙት ዓመቱ፣ ሰውዬው ካባ ለብሶ ሲያስቀድስ ባየሁ ቁጥር። አንድ ቀንም «አሁንስ አልበዛም?» አላሉኝም። ሁልጊዜ መዶሻውን ያስቀምጣሉ፣ ጆንያውን ያወርዳሉ፣ ይወጣሉ።

አንድ ጊዜ ግን ቆርጬ ነበር። የሰውዬው የቀረ ልጅ ተዳረ፤ ድንኳኑ ማዞሪያው ላይ ተተክሎ ጭፈራው ቀራንዮ ድረስ ይሰማል። ታደገ ተጠራ። ሄደም! አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ! እኔ የአባቴን ገዳይ ጠጅ ሊጠጣ ሲሄድ እያየሁ ልቀመጥ? ሱቁ ደረስኩ፣ ጆንያውን ተቀበልኩ፣ ሳልፈታው ታቅፌ ብድግ አልኩ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ታደገ ጭን ላይ ልጥልለት ነው።

ጋሽ ሙርጋ ወደ መቀመጫቸው ተመልሰው ሚስማር ማቅናት ጀምረዋል። ቀጭ፣ ቀጭ። «ውሰጂ» አሉ። «ዘነበች! የባላምባራስንም ጆንያ አውርጂው፤ ሰው ልኬ ላስጠራቸው።»

«የእሱን ለምን?»

«አንዱ ከወጣ ሌላው እኔ ጋ ምን ይሠራል? ያንቺ ታደገ ጭን ላይ ሲወድቅ የእሳቸውም ሙሽራው ጭን ላይ ይወድቃል። እኔ ሚስማሬን መሸጥ ነው። ለሬሳ ሣጥንም ሚስማር ያስፈልጋል።»

መዶሻው አንዴም አልቆመም። እንደማይቀልዱ ያወቅሁት በዚያ ነው። በሩ ላይ ጆንያውን ታቅፌ ቆምኩ። ጭፈራው ይሰማኛል። ታደገ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ታየኝ፣ ከዚያ ሸሚዙ ላይ ደም ታየኝ። ተመልሼ ጆንያውን መሬት ላይ ወረወርኩላቸው። «እግዜር የእጅዎን ይስጥዎ!» አልኳቸው። እርግማን መሆኑን ያውቃሉ። «አሜን» ብለው አነሱትና ወደ ቆጡ መለሱት።

እንዲህ ነበር የያዙኝ። እንግዲህ ጥሩምባው መሞታቸውን ሲለፍፍ ኩታዬን ያሰብኩት ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። አሁን ማን ይከለክለኛል? ቀብሩ ላይ ሰውዬውን በዓይኔ ስፈልግ ዋልኩ። መጥቷል። አርጅቷል። አፈር ሲጥል ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት አቃተውና ታደገ ክንዱን ይዞ አነሳው። ጥርሴን ነከስኩ።

ከሰልስቱ በኋላ እትዬ ዘነበች ሁለታችንንም አስጠሩን። ከል ለብሰው፣ ሁለቱን ጆንያ ከፊታቸው አስቀምጠው ጠበቁን። እኔ በመንገዱ በር ገባሁ፣ ሰውዬው በጓሮው ገባ፤ ማንም ሳያዘን እንደ ድሮው።

«እኔም ነገ የምሞት ሰው ነኝ» አሉ እትዬ ዘነበች። «የሰው አደራ ይዤ አልሞትም። የየራሳችሁን ውሰዱ።»

ፈታናቸው። ሁለት ኩታ፣ በአንድ አገር ሸማኔ የተሠራ፣ አንድ ዓይነት ጥለት። ሁለቱም ላይ ያው የዛገ ብረት የመሰለ ደም፣ ሁለቱም ላይ ቀዳዳ። እጄን ዘርግቼ አንዱን ሳብኩ። ሰውዬውም ያንኑ ሳበ።

«ልቀቅ! የአባቴ ነው!»

«የስመኘው ነው» አለ። «ይኸው ቀዳዳው፣ በግራ በኩል።»

«የአባቴም በግራ ነው!» አልኩና ገለበጥኩት። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ሆነ። ሌላውን አነሳሁ፣ ገለበጥኩ። ኩታ ምን ግራ ቀኝ አለው? «እትዬ ዘነበች፣ የቱ ነው የኔ?»

እትዬ ዘነበች አንዱን ያዩና ሌላውን ያያሉ። «ክረምት በወጣ ቁጥር ብል እንዳይበላቸው ብዬ ጓሮ አጥሩ ላይ አሰጣቸው ነበር» አሉ። «አደራ አይደል፣ እንደ ደህና ዕቃ ነዋ የሚጠበቀው። የመጀመሪያው መስከረም ላይ ዝናብ መጣና ተሯሩጬ ሰበሰብኳቸው። ከዚያ የቱ ከየትኛው ጆንያ እንደወጣ ጠፋኝ። ደንግጬ ለሙርጋ ነገርኩት።»

«ምን አሉ?»

«'ብቻ ብል እንዳይገባባቸው' አለኝ። ሌላ አላለም።»

«ሚስማር እያቀኑ ነበር?»

«እያቀና ነበር።»

«መዶሻው ቆመ?»

ወደ መሬት አዩ። «ቆመ» አሉ።

ለካ ስንት ዓመት ሙሉ ያውቃሉ! መዶሻውን አስቀምጠው ጆንያውን ጭኔ ላይ ሲያኖሩልኝ፣ ፊቴን ቀብሬ «አባዬ» እያልኩ ስነፋረቅ፣ ከበሩ ውጭ ቆመው ያውቃሉ። በሰው ውሸት መዶሻ የሚያቆሙት ሰውዬ ለራሳቸው ውሸት መዶሻቸውን ቀድመው ያስቀምጡ ነበር። «እኚህ ሽማግሌ! እኚህ አታላይ!» ብዬ ከል የለበሰችው ሚስታቸው ፊት ጮህኩ። ማን ያውቃል፣ አቅፌ ያለቀስኩበት፣ በእንባዬ ያራስኩት፣ ወንድሜ የገደለው የዚያ የስመኘው ደም ይሆን?

ሰውዬው ቁልቁል እያየ «አንቺም ትመጪ ነበር?» አለኝ።

«አንተስ?»

«በጓሮ በኩል» አለ። «ስሜው እያልኩ አለቅስበት ነበር።»

ስሜው ይለው ነበር ለካ ልጁን።

አንዱን ልውሰድ? የጠላቴን ልጅ ደም ቤቴ ላስገባ? ልተወው? የአባቴን ደም ለገዳዩ ላስረክብ? ታደገ ጭን ላይ ብጥለውስ፣ ራሱ የገደለው ሰው ደም ቢሆን ተበቀል ልለው የምችለው ማንን ነው? ሰውዬውም ከእኔ ባልተሻለ ሁኔታ ቆሟል። አንዱን ይነካና ይተወዋል፣ ሌላውን ይነካና ይተወዋል።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ እትዬ ዘነበች እያለቀሱ።

«ባላምባራስ እንዳለው!» ብዬ በስሙ ጠራሁት። ከዚያች ሱቅ ውጭ ጠርቼው የማላውቀውን ስም እዚያችው ሱቅ ውስጥ እንደገና ጠራሁት። «ምን ትላለህ?»

«ይቆይ» አለ።

«ይቆይ» አልኩ።

እትዬ ዘነበች ጉልበታቸው ደክሟል፣ ጦር ኃይሎች ሰፈር ልጆቻቸው ጋ ሄዱ። ሱቁ ተዘጋ። ሁለቱም ጆንያ አሁን እኔ ቤት ነው፤ «አንቺ ጋ ይሁን» ያለኝ ራሱ ባላምባራስ እንዳለው ነው። ይቅር ብዬው እንዳይመስላችሁ። አላልኩም፣ አልልምም። ግን አንዱ የአባቴ ነው፣ የቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ብል እንዳይበላቸው እጠብቃለሁ። ክረምት ሲወጣ ሁለቱንም አጥሬ ላይ አሰጣለሁ፣ ሁለቱንም እኩል አገላብጣለሁ። የገዳዩን ልጅ ኩታ በገዛ እጄ! ጋሽ ሙርጋ ሞተው እንኳ አልለቀቁኝም፣ እኔም እሳቸውን መርገሜን አልተውኩም።

ባላምባራስ እንዳለው ራሱም በየመስከረሙ ይመጣል። ሰላምታ አንለዋወጥም። ወንበር አልሰጠውም፤ ቆሞ ይይ። ዘንድሮ በምርኩዝ መጣ፣ እግሩ አብጧል፣ ከማዞሪያው እዚህ ድረስ በእግሩ። ዘንድሮም ወንበር አልሰጠሁትም። አጥሩን ተደግፎ፣ ፀሐይዋ ከሁለቱ ኩታዎች ላይ ዞር እስክትል ድረስ ቆመ።

እኔም አልተቀመጥኩም።